ብርድ አይደለም!

ባለፈው ጁምዓ መስጊዱ ውስጥ ከኋላ ከተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሮቹ የማን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ሱጁድ መውረድ ያቃታቸው አባቶች ናቸው የሚሰግዱባቸው። እኔ 27 ዓመቴ ነው። በቀኜ የነበሩት ሐጂ ሶላቱ እስኪያልቅ ታገሱኝና ወደኔ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ መኪና ነው የገጨህ?»

«አይ ሐጂ፣ ሳይክል ነው።»

«ሳይክል ገጨህ?»

«አልገጨኝም። ሳይክል ላይ ሆኜ ከድንጋይ ድንጋይ ስዘል ነው።»

ዝም አሉ። ጉልበቴን አዩት። ፊቴን አዩት። «ታዲያ ለምን ትዘላለህ?» አሉኝ።

ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም። አንጀታቸው አልችል ብሎ ነው። ግን ወላሂ ይህችን ጥያቄ 7 ወር ሙሉ ስመልሳት ሰለቸችኝ። አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይሄንን እየላክሁ ልገላገል።

ጨዋታው ትሪያል ይባላል። ሳይክሉ መቀመጫ የለውም፤ ካለውም ለስሙ ያህል ነው። ቆመህ ነው የምትነዳው። እግርህ መሬት ሳይነካ ከድንጋይ ድንጋይ፣ ከደረጃ ደረጃ ትዘላለህ። በኋላ ጎማ ብቻ ቆመህ እንደ ፌንጣ ጠብ ጠብ ትላለህ። ውድድር ላይ እግርህ መሬት ከነካ ትቀጣለህ። ፈጠራው የሥራ ፈት አይደለም። ፈረንጆቹ 1970ዎቹ በሚሉት ጊዜ ካታሎኒያ ውስጥ ፔሬ ፒ የሚባል የሞተር ትሪያል ነጂ ነበር። ልጁ ኦት የሞተሩን ጨዋታ በትንሽ ሳይክል እንዲለማመድ ብሎ የጀመረው ነገር ነው እዚህ የደረሰው። ልጁም አድጎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እኔን የለከፈኝ ደግሞ ዳኒ ማካስኪል የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። በፈረንጆቹ 2009 ኤድንብራ ውስጥ የሾለ የብረት አጥር አናት ላይ ሳይክል ሲነዳ የሚታይበት ቪዲዮ አለ። ያንን ካየሁ በኋላ ደረጃ ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኝ ጀመር።

የኔ ሜዳ ቦርከና ወንዝ ነው። በበጋ ውሃው ሲቀንስ ድንጋዩ ሁሉ ይወጣል። ሳይክሌ ግን የትሪያል ሳይክል አይደለም። ትክክለኛው ከ10 ኪሎ በታች ነው። የኔው ሁለተኛ እጅ የገዛሁት ባለ 26 ኢንች ጎማ የብረት ማውንቴን ሳይክል ነው። ተሸክሜው ደረጃ ስወጣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ የያዝኩ ነው የሚመስለኝ። መቀመጫው ስዘል ሆዴን እየመታ አስቸገረኝ፤ በያጅ ጋ ወሰድኩትና ቧንቧውን እስከ ታች አስቆረጥኩት። በያጁ ሁለቴ አስደግሞኝ ነው የቆረጠው። «ሰው መቀመጫ ያስጨምራል እንጂ ያስቆርጣል?» አለኝ። ይህን ሰውዬ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሕመሙ በአንድ ቀን አልመጣም። ወድቄ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። ቢያንስ «ይሄ ድንጋይ ነው» ብዬ የምረግመው ነገር ይኖረኝ ነበር። መጀመሪያ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ከቀኝ ጉልበቴ ሎሚ ሥር ጠቅ ያደርገኛል። ትንሽ ስንቀሳቀስ ይለቀኛል። ስዘል ውዬ ማታ ቁጭ ስል ይመለሳል። ለምን ቀኙ ብቻ? እኔ ፔዳል ላይ ስቆም ሁሌም ቀኝ እግሬ ነው ፊት የሚሆነው። ለመዝለል የሚገፋው እሱ ነው። ግራው ተደግፎ ይበላል፣ ቀኙ ይከፍላል።

ደሴ ላይ ጉልበት ማመም ምን እንደሆነ ሜዳ ከተማ የምትኖሩ ሰዎች አይገባችሁም። ይህች ከተማ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተለጠፈች ናት። ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ፤ ሌላ ምርጫ የለም። ሰው ደግሞ የሚያዝንልኝ ዳገት ላይ ሲያየኝ ነው። ዳገቱንስ እችለዋለሁ። የሚገድለኝ ቁልቁለቱ ነው። ስትወርድ የጭን ጡንቻህ እየተለጠጠ ነው ሰውነትህን የሚይዘው። ያ ሁሉ ጫና በጉልበት ሎሚ በኩል ያልፋል። ከሰፈሬ ወደ ፒያሳ የኋሊት እየተራመድኩ የወረድኩባቸው ቀኖች አሉ። እውነቴን ነው፣ የኋሊት ሲሆን አያምም። አንድ ሕፃን እናቱን «እማ፣ ሰውዬው ምን ጠፍቶበት ነው?» ብሎ ሲጠይቃት ሰምቻለሁ።

ስለ ሽንት ቤት አላወራም። ቁጢጥ ብሎ መነሳት ለማይችል ሰው የኛ ሽንት ቤት ምን እንደሆነ ራሳችሁ አስቡት። ግድግዳው ላይ የእጄ ምልክት አለ።

ሥራዬ ደግሞ ኮምቦልቻ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጉልበት ታጥፎ ሲቆይ እንደሚብስበት ያወቅሁት ሚኒባስ ውስጥ ነው። የኋላ ወንበር ለሦስት ሰው ነው የተሠራው፤ እኛ አራት ነን። ሐረጎን ስንጠማዘዝ የፊተኛው ወንበር ብረት ልክ የሚያመኝን ቦታ ያገኘዋል። እግሬን ወደ መሐል ልዘረጋ ስል ረዳቱ «ወንድሜ፣ ጉልበትህን ሰብሰብ!» ይለኛል። ታምሜ ነው ስለው «ታዲያ ኮንትራት አትይዝም?» አለኝ አንዱ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ?

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ። ብርድ!

ደሴ ውስጥ ብርድ የማይወቀስበት በሽታ የለም። ጉልበቴን አመመኝ ስትል ጥያቄ የለም፣ ፍርዱ ተሰጥቷል። «ብርድ ነው።» እማዬ ብርድ ነው ብላ ጉልበቴን በሻርፕ ጠቀለለችው። ጎረቤታችን ብርድ ነው ብለው የጥቁር አዝሙድ ዘይት ላኩልኝ። አክስቴ ብርድ ነው ብላ ነጭ ሽንኩርት በማር አስዋጠችኝ። ጓደኛዬ ብርዱን ይመጥልሃል ብሎ ሂጃማ (ዋግምት) ሊያስደርገኝ ቀጠሮ ያዘልኝ። እሺ፣ ብርድ ነው እንበል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ነው ያለችው። እዚያ ሸሚዝ ነው የምለብሰው። እዚያም ያመኛል እኮ! ብርዱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ተከትሎኝ ይወርዳል? ብርዱስ ግራ ጉልበቴን ለምን ተወው? ይህን ስጠይቅ «አንተ ደግሞ ክርክር ትወዳለህ» ይሉኛል።

ወጌሻም ሄጃለሁ። ገና በሩ ላይ ሳነክስ አይቶ «ወለምታ ነው» አለኝ። ሳይነካኝ! ከዚያ ቅቤ ቀብቶ በሁለት አውራ ጣቱ የሚያመኝን ቦታ እየፈለገ ሲያሸኝ ጣሪያው ላይ ኮከብ ቆጠርኩ። ለወጌሻ ንቀት የለኝም። የአጎቴን ትከሻ የመለሰው ይሄው ሰውዬ ነው። ግን ከቦታው ያልወጣ ነገር ወዴት ይመለሳል? ቤቴ የገባሁት ከሄድኩበት ብሶብኝ ነው።

ቀጥሎ ክሊኒክ። ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየኝ ራጅ አዘዘ። ራጁን ወደ መብራቱ አንስቶ አየና «አጥንትህ ሰላም ነው፣ ምንም የለህም» አለኝ። ምንም የለህም! ይህን ያህል ብር ከፍዬ የገዛሁት ቃል እሱ ነው። እኔም ያኔ አላወቅሁም እንጂ ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው። ጅማት በራጅ አይለይም። ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወጋኝና የሚዋጥም ጨመረልኝ። መርፌው ሕመሙን አስተኛው። በማግስቱ ተሻለኝ ብዬ ሳይክሌን ይዤ ቦርከና ወረድኩ። በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ። አዎ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ሐኪሙ ሥራህ ምንድነው፣ ምን ስታደርግ ያምሃል ብሎ አልጠየቀኝማ። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። ምናልባት እሱም «ለምን ትዘላለህ?» ይለኝ ነበር።

አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ይህች ጥያቄ ናት። የሰፈሬ ልጅ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱን ተመታ። ሰፈሩ ሁሉ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ጠየቀው። «አብሽር፣ ተነስተህ ታገባለህ» ተባለ። አንድ ዘመዴ ሲሚንቶ ሲጭን ወገቡን አመመው፤ ዱዓ ተደረገለት፣ ቡና ተፈላለት። ሁለቱም ይገባቸዋል። እኔን ግን የጠየቀኝ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይቆጣኛል። «ፈልገህ ያመጣኸው ነው።» ኳሱንስ ማን አስገድዶት ነው የተጫወተው? ኳስ ሲያምህ ጀግና ነህ። ሳይክል ሲያምህ ዱርዬ ነህ። ሕመሙ እኮ የት እንደመጣ አያውቅም። እኩል ነው የሚያመው።

አማርኛችንም አላገዘኝም። አለቃዬን «ጉልበቴን አሞኛል፣ ዕቃ ማውጣት ይቅርብኝ» አልኩት። «በዚህ ዕድሜህ ጉልበት ከሌለህ ስታረጅ ምን ልትሆን ነው?» አለኝ። ጉልበት አለኝ! ያመመኝ ጉልበቴ ነው! ብዙ አስረዳሁ። መጨረሻ ላይ ዕቃውን አወጣሁ።

በስንት መከራ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ ደረስኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ያ ራሱ ግማሽ መድኃኒት ነው። በአንድ ጣቷ ከጉልበቴ ሎሚ ሥር ተጫነችና «እዚህ ነው?» አለች። ዘለልኩ። «ምን ትሠራለህ?» አለች። ነገርኳት። አልሳቀችም። ስልኬ ላይ ያለውን ቪዲዮ አሳየኝ አለች። አየችውና ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ። «መቀመጫው የታለ?»

በያጁን አስታወሳችሁት? እኔ ያልገባኝ ይህ ነው። የትሪያል ሳይክል መቀመጫ ባይኖረው አይጎዳም፤ የትም አይሄድምና። ድንጋይህ ጋ በመኪና ወስደህ ትዘልና ትመልሰዋለህ። እኔ ግን ያንኑ የተቆረጠ ሳይክል ዳቦ ልገዛም፣ ጓደኛ ልጠይቅም እነዳው ነበር። መቀመጫው ዝቅ ሲል ጉልበት ከልክ በላይ ይታጠፋል። እንደዚያ ታጥፎ የደሴን ዳገት ሲገፋ ሎሚው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። ለካ ዝላዩ ብቻውን አይደለም የጨረሰኝ። ዝላዩም ዳቦውም ተባብረው ነው።

የታመመው ጅማቱ ነው አለችኝ፤ የጉልበት ሎሚን ከቅልጥም ጋር የሚያያይዘው። የዘላዮች በሽታ ነው፣ ቮሊቦልና ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱትን በብዛት ይይዛል አለች። ጅማት እንደ ጡንቻ ቶሎ አይድንም። መተኛት ብቻውን ደግሞ አያድነውም። ለካ ሦስት ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ሳምንት አርፌ፣ ሦስቴም የተመለሰብኝ ለዚህ ነው። ዕረፍቱ ሕመሙን ያስተኛል እንጂ ጅማቱን አያጠነክረውም። የሚያጠነክረው በልክ የሚጨመር ጭነት ነው። ትንሽ ቢያም ግድ የለም፣ ዳኛው በማግስቱ ያለው ጠዋት ነው አለችኝ። ጠዋት ከትናንቱ ከባሰ አብዝተሃል ማለት ነው። ስንት ጊዜ ይፈጃል አልኳት። ሳምንት ትላለች ብዬ ነበር። ወራት አለችኝ።

የሰጠችኝ መድኃኒት ግድግዳ ነው። ጀርባህን ግድግዳ ላይ ትለጥፋለህ፣ ወንበር ላይ የተቀመጥክ ያህል ዝቅ ትላለህ፣ 45 ሰከንድ ትቆያለህ። ሁለት ደቂቃ ታርፋለህ። አምስት ጊዜ። ሲለምድልህ ቀስ ብለህ ቁጭ ብድግ ትጀምራለህ፣ መውረጃው ብቻ አራት ሰከንድ። መዝለል መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሳይክሉ በረንዳ ላይ ቆሟል። በያጁ ጋ መልሼ ወስጄ ቧንቧ አስቀጠልኩበት። ምንም አላለኝም፤ አሳሳቁ ግን ይበቃል።

ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ። ቁልቁለቱን ወደ ፊት እየተራመድኩ መውረድ ጀምሬያለሁ። ጁምዓ ግን ገና ወንበሩ ላይ ነኝ። ሐጂ ቦታ ይዘውልኝ ይጠብቁኛል፣ «ዛሬስ ዘለልክ?» ይሉኛል።

ትናንት ማታ ሳሎን ግድግዳው ላይ ተለጥፌ እየቆጠርኩ እንግዶች ገቡ። ጭኔ ይንቀጠቀጣል፣ ላቤ ይወርዳል። ከሥሬ ወንበር የለም። እንግዶቹ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። እማዬ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ምነው ልጄ፣ ወንበር አጣሁ? ኧረ ተቀመጥ አታሰድበኝ፣ አፈር ስሆን!»

ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት።

«ይሄ ልጅ እኮ ብርድ ነው የመታው» አለች ወደ እንግዶቹ ዞራ።

ሠላሳ ሦስት።