ቆራጥ ረዳቶቻችን

ከመገናኛ ለገጣፎ የሚሄድ ሰው ወዳጅ አያጣም። ሰልፍ ላይ አንዱን ይተዋወቃል፣ ኮተቤ ሌላውን፣ ካራ ደግሞ ሦስተኛውን። ይህን ማኅበራዊ ኑሮ የሚያደምቁልን የታክሲ ረዳቶች ናቸው። አመስጋኝ ጠፋ እንጂ!

ቀን ላይ «ጣፎ! ጣፎ!» ሲል የዋለው ረዳት 11 ሰዓት ሲሆን «ኮተቤ ብቻ!» ይላል። ገና ያልበሰለ ተሳፋሪ «ታፔላው ጣፎ ይላል እኮ» ብሎ ይከራከራል። ወንድሜ፣ ታፔላ ለጌጥ ነው። ታሪፍ የሚሰላው በርቀት ነው፤ ለአጭር መንገድም ቢሆን ግን ዝቅተኛው ሒሳብ ይከፈላል። እንግዲህ አንዱን መንገድ ሦስት ቦታ የቆረጠ ሦስቴ ይሰበስባል። ይህን ስሌት ያገኘው ልጅ ቢሮ ውስጥ ቢቀመጥ የት በደረስን!

በ2015 ዓ.ም. ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ገላንንና ለገጣፎን የመሳሰሉ ከተሞች ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ገቡ። ሸገር አዲስ አበባን ዙሪያዋን ከብባታለች። የስንቱ ሰው አልጋ እዚያ ነው፣ እንጀራው እዚህ። አስተዳደሩ ግን ሁለት ነው፤ ይህኛውም የራሱ ትራንስፖርት ቢሮ አለው፣ ያኛውም እንዲሁ። ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ የሚጨነቅ ካለ ካርታ አይፈልግ። ረዳቱ «ወራጅ! እዚህ ድረስ ነን» ያለበት ቦታ እሱ ነው።

ባቡሩም ቢሆን ጨዋ ነው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በምሥራቅ አያት፣ በደቡብ ቃሊቲ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ሳይጠሩት ጎረቤት ቤት አይገባም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ተሳፋሪው ነው። ካራ ላይ ሲያወርዱት ዝም ብሎ ይወርዳል። ዝም ብሎ ሌላ ሰልፍ ይይዛል። ሁለተኛው ታክሲ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ግን አንደበቱ ይፈታል። «ይሄ ነገር ሃይ ባይ ይፈልጋል!» ይላል፣ ሁለተኛውን ሒሳብ እየቆጠረ። ጎኑ ያለውም «ኧረ ተወው!» እያለ ያግዘዋል። ረዳቱም አብሮ ራሱን ይነቀንቃል።

አንዲት እናት ደፍረው «ጣፎ ብለህ አይደል የጫንከኝ? አልወርድም!» ያሉ እንደሆነ፣ ረዳቱ አፉን ማድከም አያስፈልገውም። ከኋላ ወንበር እኛው እንመልስለታለን። «እማማ፣ ይውረዱና እንሂድበት፤ መሸብን እኮ!»