ማስተካከያ፦ የልዕለ ጀግና ኮሚክሶች ስለጨለሙበት ዘመን

ስለ ልዕለ ጀግና ኮሚክሶች (በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረኩ ታሪኮች) የአቀራረብ ለውጥ ቀደም ሲል ባቀረብኩት ጽሑፍ፣ ታሪኮቹ ወደ ጨለማና ሐዘን ማዘንበል የጀመሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ነው ማለቴ ስሕተት ነው። የአሜሪካ ኮሚክሶች ይገዙበት የነበረው የይዘት ደንብ በ1971 ከላላ በኋላ፣ በ1973 በወጣው የ«አሜዚንግ ስፓይደርማን» 121ኛ ዕትም የጀግናው ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲ ከድልድይ ተወርውራ ሞታለች፤ ስፓይደርማን የወረወረው የሸረሪት ድር እግሯን ሲይዛት አንገቷ አጠገብ የተጻፈችው ትንሽዬ የ«ቀጭ» ድምፅ፣ ሊያድናት የተዘረጋው እጅ ራሱ ሳይገድላት እንዳልቀረ ትጠቁማለች። ያን ገጽ ዛሬም ቶሎ ነው የምገልጠው። በአሮጌ ዕትሞች ላይ የሚታዩትን የቀለም ነጠብጣቦችም የሠዓሊዎቹ ምርጫ ማለቴ ትክክል አልነበረም፤ በርካሽ ወረቀት ላይ ከጥቂት ቀለማት ብዙ ኅብር ለማውጣት የሚያገለግል የኅትመት ዘዴ ነበር።