ማስተካከያ፦ ስለ ኩላሊት ኢንፌክሽኑ አልጋ

የቱሉ ዲምቱዋ ነፍሰ ጡር ለኩላሊት ኢንፌክሽን ተኝታ መታከሟ «አላስፈላጊ ነበር» ተብሎ በጤና መድን አባላት መካከል የተሰራጨው መረጃ ትክክል አይደለም። መዝገቡን የገመገሙት ሐኪሞች መተኛቷን አጽድቀዋል። አሉባልታው የተነሣው ከሽንት ምርመራው ውጤት ነው። ሽንት ግን ኢንፌክሽን መኖሩን እንጂ አልጋ ማስፈለጉን አይናገርም። ያንን የሚናገረው የነርሷ ሠንጠረዥ ነው፦ ትኩሳት 39.4፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ «የዋጠችውን ክኒን አስመለሰች»። እርግዝና ሲጨመርበት መድኃኒቱን በደም ሥር መጀመር የተለመደ ሕክምና ነው። ነፍሰ ጡር ያልሆነች፣ የማያስመልሳትና ሌላ ችግር የሌለባት ሴት ቤቷ ሆና ክኒን ብትወስድ ይበቃት ነበር። ያልጸደቀው ትኩሳቱ ወርዶ ክኒን መዋጥ ከቻለች በኋላ ያደረችበት የመጨረሻው ሌሊት ብቻ ነው፤ እርሱም የሐኪም ቤቱና የመድኑ ጉዳይ ነው።