አብዱል ዋዱድ በሸክላ ብዛት አይለካም

ባለፈው ሳምንት በዋሽንግተን አካባቢ በሚሰራጭ አንድ የአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ የጃዝ ነገር ሲነሳ፣ የዕለቱ እንግዳ አብዱል ዋዱድን የድምፃዊው የራሂም ዴቮን አባት መሆኑን ከጠቀሱ በኋላ፣ በስሙ አንድ ሸክላ ብቻ ያሳተመና ጃዝ ውስጥ ቦታ በሌለው መሣሪያ፣ በቼሎ (በደጋን በሚጫወቱት ትልቅ የቫዮሊን ዘመድ)፣ የደከመ ሰው አድርገው አለፉት። አዘጋጁም አልሞገታቸውም። ይህ ከስህተትም የከፋ ነው፤ የአንድን ታላቅ ቼሎ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ የዕድሜ ልክ ሥራ በአደባባይ ማራከስ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የአንድ ሸክላው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዋዱድ ቢሻራ በተባለው የራሱ አሳታሚ ያወጣው “ባይ ማይሰልፍ” ያለ አንዳች አጃቢ ቼሎውን ይዞ የተጫወተበት አልበም ነው፤ እንግዳው ብቻውን የሠራውን በስሙ ከወጣው ሁሉ ጋር አምታትተውታል። ከሳክስፎን ተጫዋቹ ጁሊየስ ሄምፊል ጋር ለሁለት በተጫወቷቸው ሸክላዎችና ከፒያኒስቱ አንተኒ ዴቪስና ከዋሽንት ተጫዋቹ ጄምስ ኒውተን ጋር በ1982 ባሳተሙት ሥራ ላይ ስሙ ከባልደረቦቹ እኩል ሰፍሯል። ሽፋኑን እንኳ ያላየ ሰው ስለ ሌላው የሥራ ብዛት ሊመሰክር አይገባውም ነበር።

ለመሆኑ ሙዚቀኛ በሸክላ ቁጥር የሚመዘነው ከመቼ ወዲህ ነው? በ1972 የተቀዳውን የሄምፊልን “ዶጎን ኤ.ዲ.” አልበም ያዳመጠ ሰው እንዲህ ያለ ሚዛን አያነሳም። በዚያ ሥራ ውስጥ ቤዝ የለም፣ ፒያኖ የለም፣ ጊታርም የለም። ሄምፊል በአልቶ ሳክስፎን፣ ቤይካይዳ ካሮል በትራምፔት ከላይ ሲመላለሱ ከሥር ያለው የፊሊፕ ዊልሰን ድራምና የዋዱድ ቼሎ ብቻ ነው። በመክፈቻው ሙዚቃ ዋዱድ በአሥራ አንድ ምት የሚዞረውን ሐረግ በደጋን እየሞረደ ይይዘዋል፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ ሲመላለስበትም ሻካራ ድምፁ አንዴ እንደ ቤዝ መሬቱን ይዞ፣ አንዴ እንደ ከበሮ እየገፋ፣ አንዴም እንደ ሰው እያንጎራጎረ ይሰማል። ቼሎውን አውጡትና ሥራው ይፈርሳል። ሸክላው የሄምፊልን ስም ስለያዘ ያ ሁሉ ከዋዱድ ድርሻ ሊቀነስ ነው? በ“ባይ ማይሰልፍ” ደግሞ ደጋኑን አስቀምጦ ክራር እንደሚደረድር ሰው አውታሮቹን በጣቶቹ ሲመታቸው፣ ዜማውንም አጃቢውንም ራሱ ይሆናል።

መሣሪያው ቦታ የለውም ለተባለው ረጅም መልስ አያስፈልግም። ቤዝ ተጫዋቹ ኦስካር ፔቲፎርድ በ1950 ጃዝን በቼሎ ቀድቷል፤ ፍሬድ ካትዝም በድራም ተጫዋቹ በቺኮ ሃሚልተን ቡድን ውስጥ በ1950ዎቹ አጋማሽ ቼሎን ከፊት አቁሞታል። በ1947 ክሊቭላንድ የተወለደው፣ በኦበርሊን የተማረውና በኒው ጀርሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራም የተጫወተው ዋዱድ የመሣሪያውን ልክ ሳያውቅ የገባበት ሰው አልነበረም። እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ያደገችውና በ2022 ለላቀ የፈጠራ ችሎታ የሚሰጠው የአሜሪካ የማካርተር ሽልማት የተሰጣት ቼሎ ተጫዋች ቶሜካ ሪድ ዋዱድን አርአያዋ አድርጋ በግልጽ ጠርታዋለች።

በ1990ዎቹ ከመድረክ መራቁ እውነት ነው፤ በነሐሴ 2022 በ75 ዓመቱ እስኪያርፍም አልተመለሰም። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ያኖረው አልተሰረዘም። አዘጋጁ ስህተቱን ማረም ከፈለገ በሚቀጥለው ሳምንት የ“ዶጎን ኤ.ዲ.”ን መክፈቻ፣ ማንም ሳይናገርበትና በማስታወቂያ ሳይቆረጥ፣ እስከ መጨረሻው ያሰማ።