ሳያዩ የሚያነቡ ብፁዓን ናቸው

ጎንደር የሊቃውንት አገር መሆኗን የሚጠራጠር ካለ የአክስቴን የውሃ ቢል ላሳየው። ድሮ በዚህች በአርባ አራት ታቦት ከተማ አንድ ተማሪ ከንባብ ቤት ተነሥቶ፣ በዜማና በቅኔ አልፎ፣ ትርጓሜ ቤት እስኪደርስ ስንት ዓመት ቁራሽ ይለምን ነበር። የዛሬዎቹ ቆጣሪ አንባቢዎቻችን ንባቡን ዘልለው በቀጥታ ትርጓሜ ገብተዋል። እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

አክስቴ አዲስ አበባ ልጇ ዘንድ ከሄደች ስምንት ወር ሆኗታል። ማራኪ ሰፈር ያለው ቤቷ ዝግ ነው፤ ቁልፉም እኔ ጋር ነው። ይህ ዝግ ቤት ባለፈው ወር 46 ሜትር ኪዩብ ውሃ ተጠቅሟል ተባለ። አንዱ ሜትር ኪዩብ ባለ 20 ሊትር ሃምሳ ጀሪካን ነውና፣ ድምሩ 2300 ጀሪካን ይሆናል። ጎረቤቶቿ ፈረቃ ሲጠብቁ ጀሪካን ደርድረው ያነጋሉ፤ ማንም የሌለበት ቤት ግን በየቀኑ ከሰባ በላይ ጀሪካን ይጨልጣል! የፋሲል መዋኛ እንኳ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ተጠልፎለት የሚሞላው በዓመት አንዴ፣ ለጥምቀት ነው። አንገረብ ግድብን ደለል ሞላው እያልን ያማነው ሁሉ በከንቱ ነበር። ለካ ውሃው አክስቴ ቤት ነው።

ሰውን ከመጠርጠር ብዬ መጀመሪያ ቤቱን ጠረጠርሁ። ከቆጣሪው ወዲህ ለሚፈስ ውሃ ዕዳው የባለቤቱ ነውና ሽንት ቤቱንም ቧንቧዎቹንም አየሁ፤ ሁሉም ደረቅ። ከዚያ የቆጣሪውን ክዳን አነሣሁ። ሸረሪት ድሯን ከዳር እስከ ዳር ዘርግታ ተቀምጣለች፤ አንባቢ ቢመጣ ኖሮ ድሩ ባልተረፈ። መስታወቱን በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። 412 ይላል፤ ውሃ ሲያልፍ የምትዞረው ትንሿ ቀይ ኮከብም ቆማለች። ቢሉ ደግሞ፦ ያለፈው ንባብ 412፣ የአሁኑ ንባብ 458።

ይህ ንባብ እንዴት ተገኘ ቢሉ፦ አንድም የጎረቤትን ቢል አይቶ፤ አንድም ካምና በዚህ ወር የተከፈለውን አስታውሶ፤ አንድም ቡና እየጠጡ፣ እንደ ልብ መሻት። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ትርጓሜ በተከፈለበት አገር፣ ዝግ ቤት የሚባል ሦስተኛ ወንበር መተከሉ ሊያኮራን ይገባል።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድሁ። የቆጣሪውን ፎቶግራፍ በስልኬ አሳየሁ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይክፈሉ፣ ከዚያ ያመልክቱ» አለችኝ። ፍጆታው ሲበዛ የታሪፉ እርከንም ከፍ ስለሚል፣ ባዶው ቤት ዋጋ የሚከፍለው እንደ ትልቅ ሰው ነው። ከፈልሁ። «ታዲያ ቆጣሪው 412 ላይ ነው እኮ» ብላት፣ «ግድ የለም፣ ሲደርስበት ይስተካከላል» አለችኝ።

እንግዲህ ጥፋቱ የቆጣሪው ነው። ቢሉ ቀድሞ ሄዷል፤ እሱ ሰነፍ ሆኖ ወደ ኋላ ቀርቷል። ላግዘው ብዬ በማግሥቱ ተመልሼ የግቢውን ቧንቧ ከፈትሁለት። የፈረቃ ቀን ስላልነበር ጠብታ አልወጣም። ትንሽ ቆይቶ አንጀቱ እንደባሰው ሰው አጉረመረመ፤ ቀጥሎም ፊሽ እያለ አየር ይተፋ ጀመር። ሮጬ ክዳኑን አነሣሁ።

ቀዩዋ ኮከብ ትዞራለች።