ለጎረቤቴ ማይክሮዌቭ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከዋይፋዬ በስተቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስምንት ወር ሙሉ በአንድ ግድግዳ ስንኖር አንተን ጠርጥሬ አላውቅም፣ ኔትወርኩን ሰደብኩ መብራቱን ሰደብኩ ራውተሯንም አውጥቼ ልወረውራት ምንም አልቀረኝም፣ ለካ አንተ ነህ! ልክ 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን "እምምምም" ትላለህ፣ ዙም ላይ አለቃዬ አፉን እንደከፈተ ድርቅ ይላል፣ "ፒፕ ፒፕ ፒፕ" ስትል ወሬው መጨረሻ ላይ እደርሳለሁ፣ ያልሰማሁትን "እሺ" እላለሁ። በዚህ "እሺ" ሁለት ቅዳሜ ስራ ገብቻለሁ ባክህ።

2.45 ጊጋኸርዝ በሚሉት የሬዲዮ ሞገድ ላይ ነው አሉ የምትሰራው፣ የኔዋ ራውተርም እዛው 2.4 ሰፈር ናት። ፈቃድ የማይጠየቅበት ባንድ (የሞገድ ክልል) ነው፣ የጋራ ነው፣ ገባኝ። ግን አንተ 800 ዋት እሷ 0.1 ዋት! ከበርህ ጠርዝ የሚያመልጠው ፍርፋሪ ብቻ ይበቃታል። ደግሞ ጨዋ ናት፣ ከመናገሯ በፊት አየሩን ታዳምጣለች፣ ሌላ እያወራ ከሆነ ዝም ብላ ተራ ትጠብቃለች። አንተ ከሽሮ ሌላ ምን ታዳምጣለህ?

ዘመዶችህ አውስትራሊያ ውስጥ ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ በሚያዳምጠው ፓርክስ ቴሌስኮፕ ላይ የሰሩትንም ሰምተናል። ሳይንቲስቶቹ ስንት ዓመት ግራ የገባ ሲግናል ሲያሳድዱ ከርመው በፈረንጆቹ 2015 ሲጣራ፣ ምሳ የቸኮለ ሰው ሳይጨርስ በሩን የከፈተው ማይክሮዌቭ ሆኖ አረፈው!

እኔም ዝም አላልኩም። አፕ አውርጄ ሳይ 14 ራውተር፣ ባንዱ ቻናል በሚባሉ መስመሮች ተከፋፍሎ ሳለ ግማሹ ቻናል 6 ላይ ተደራርቧል፣ አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ደግሞ 3ን መርጦ 1ንም 6ንም ይበጠብጣል (ሳይነካኩ የሚቀመጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው እኮ ወንድሜ)። 1 ላይ ገባሁ፣ ካንተ ራቅ ስለሚል ትንሽ ተሻለኝ። 5 ጊጋኸርዝም ሞከርኩ፣ እዛ አትደርስብኝም፣ ግን መኝታ ቤት ስገባ ግድግዳው ይበላዋል። አሁን ላፕቶፑን በኬብል እንደ በዓል በግ አስሬ ሳሎን ጥግ ላይ ነው የምሰራው።

"ለባለቤቴ ለምን አትነግራትም?" እንዳትለኝ ብቻ። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የላከችልኝ እሷ ናት፣ ሳህኗንም እስካሁን አልመለስኩም።

ከግድግዳው ወዲህ ያለው ጎረቤትህ