ዛሬ ደግሞ የመኪናዬ ሞተር ማስነሻ፣ ሞተሪኖው፣ ተበላሸ!

ባለፈው ሳምንት የፍሬን ሸራ፣ ከዚያ በፊት የመሪው ቴስቲና፣ ከዚያ በፊት ራዲያተር። እኔ የምለው፣ ደመወዝ የሚገባበትን ቀን ለዚች መኪና ማነው የሚነግራት? መካኒኩ ደግሞ ኮፈኑን ከፍቶ ከንፈሩን ይመጥና «ይሄን ማነው የነካካው?» ይላል። አንተው ነሃ! ሞተሩ ሞቀ ስለው የሞተሩን ሙቀት የሚመጥነውን ቴርሞስታት «ለኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውልቆ የጣለውም እሱ ነው፤ አሁን ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ እየሠራ ቤንዚን እንደ ውሃ የምትጠጣው ለምን ይመስላችኋል? ዕቃ ልግዛ ብለህ ሶማሌ ተራ ስትወርድ «ኦሪጅናሉን ነው ወይስ ሌላውን?» ትባላለህ። የኦሪጅናሉን ዋጋ ስትሰማ ሌላውን ትላለህ። ሌላው ደግሞ ቦሎ እስክታሳድስ እንኳ አይቆይልህም። «አንዴ ከተሠራች እኮ አርፈህ ትነዳለህ» ይሉኛል። ስንተኛው አንዴ?